ቁስን በእጃችን እንድናውቅ ይፈቀድልን፦ የተዘጋውን ወርክሾፕ በሚመለከት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኮሌጃችን ዲን ጽሕፈት ቤት፣
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እና ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው አባላት በሙሉ
ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የኮሌጁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የአንደኛ ዓመት የኢንቴሪየር ዲዛይን ተማሪዎች ነን። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መግቢያ ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳ ከተለጠፈ ባለ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ዘወትር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሦስት ሰዓት ይሰጠን የነበረው የቁሳቁስ ወርክሾፕ መቅረቱንና በምትኩ በአዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚቀርብ ገለጻ መተካቱን ተረዳን። ከውሳኔው በፊት አሳባችንን የጠየቀን አልነበረም፤ ከውሳኔው በኋላም ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ ያቀረብነው አቤቱታ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘም። ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድመን ምን እንደ ተወሰደብን እንድታውቁልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም በማስታወቂያው ላይ «የተግባር ልምምድ» ተብሎ በሁለት ቃል የታለፈው ነገር ለእኛ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ዋነኛ ትምህርት ነበር።

በኅዳር ወር መጨረሻ መምህራችን ለእያንዳንዱ ቡድን ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት የእንጨት ፍሬም ሰጥተውን ነበር። በመጀመሪያው ፍሬም ውስጥ በውሃ ብቻ የተለወሰ ጭቃ መረግን። በሁለተኛው ላይ በዚያው ዕለት የጤፍ ጭድ የተደባለቀበትን፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ከጭድ ጋር ተለውሶና ተሸፍኖ አሥር ቀን የቦካውን መረግን። ለአራተኛው የቦካውን ጭቃ በእበት ለወስነው። ፍሬሞቹን በመስኮቱ ሥር ደርድረን በየቀኑ እየሄድን እናይ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ፍሬም ክረምት እንዳለፈበት የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከእንጨቱ ጠርዝ ለየው። ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች ብቻ አወጣ። ሦስተኛው አልተሰነጠቀም፤ ነገር ግን በመዳፍ ሲታሽ ዱቄት ይለቅ ነበር። አራተኛው ጸንቶ ቆመ፤ ሲያሹትም እጅ ላይ የሚቀር ነገር አልነበረውም። ውሃው ሲወጣ ሸክላማው አፈር እንደሚኮማተርና ጭዱም የሚኮማተረውን አፈር እየያዘ ትልቁን ስንጥቅ ወደ ብዙ ትንንሽ ስንጥቆች እንደሚበትነው መምህራችን ያስረዱን ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማስረጃው በጥፍራችን ውስጥ ስለ ነበረ ማብራሪያው ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደም። ከመካከላችን በገጠር ያደገች አንዲት ልጅ «እናቴ እኮ ጭቃው መቡካቱን በጠረኑ ነው የምታውቀው» ብላ ሁላችንም ጎንበስ እያልን እንድናሸት አደረገችን። የዚያን ጭቃ ጠረን አሁንም ብናገኘው ለይተን እናውቀዋለን።

በሌላ ማክሰኞ ጫማችንን አውልቀን፣ ዓይናችንን በሻሽ ታስረን በአንድ ረድፍ በተዘረጉ ነገሮች ላይ ተራመድን፤ ባዶ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ፣ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ የሰሌን ምንጣፍ፣ በመጨረሻም ከሱፍ የተሠራ የመንዝ ዝተት። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጊዜውም ውርጭ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማችን የታኅሣሥ ወለል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለእናንተ መናገር አያስፈልግም። ሴራሚኩን የረገጠ ሁሉ እግሩን አነሣ፤ ዝተቱ ላይ የደረሰም መውረድ አልፈለገም። ከዚያ መምህራችን ቴርሞ ሜትር አምጥተው ለኩልን፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ያደሩ ስለ ነበሩ የሙቀት መጠናቸው እኩል ነበር። ልዩነቱ ከእግራችን ላይ ሙቀት በሚወስዱበት ፍጥነት ላይ ነው። በደጋ ለሚኖር ቤተሰብ ቤት የሚነድፍ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን የመጀመሪያ ትምህርት ሊሰጠው እንደሚችል አናውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንገባለን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ተተኪው ትምህርት የቀድሞውን ቦታ ሊሞላ ያልቻለ መሆኑ ነው። ገለጻውን የሚሰጡን መምህር ተዘጋጅተው የሚመጡና የሚደክሙልን ስለ ሆኑ በእርሳቸው ላይ ቅሬታ የለንም። ሆኖም በሸራ ላይ የሚታይ የእብነ በረድ ሥዕል ክብደት የለውም፤ አይቀዘቅዝም፣ ሲያንኳኩት ድምፅ አይሰጥም፣ ውሃ ሲነካውም መልኩ አይለወጥም። ይህ ጉድለት በሥራችን ላይ ምን እንዳስከተለ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። አራት ጓደኞቻችን በዚህ መንፈቀ ዓመት በአንኮበር ለሚታሰብ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የመቀበያ ጠረጴዛ ነድፈው ነበር። ከጠረጴዛው በስተ ኋላ በ18 ሚሊ ሜትር ችፕ ውድ (ተጨምቆ የተጣበቀ የእንጨት ፍርፋሪ ሰሌዳ) ሳጥን ላይ የሚያርፍ የጥቁር ድንጋይ መደርደሪያ ሠሩ፤ ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነበር። በኮምፒውተር የወጣው ምስል በእውነት ያምር ስለ ነበር ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከልጆቹ አንዱ ሥዕሉን በከተማችን ለሚገኙ አንድ አናጢ አሳያቸው። አናጢው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ «ድንጋዩን ለብቻህ አንሥተኸዋል?» አሉት። ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ አሰላው። በየአካባቢያችን የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ ወደ ሦስት ቶን ይጠጋል፤ በዚህ ስሌት ያ መደርደሪያ ዕቃ ሳይቀመጥበት ገና ወደ 70 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከሥሩ በችፕ ውድ ጠርዝ ላይ የገቡ ጥቂት ብሎኖች ብቻ ነበሩ። በሥሩ የሚቀመጠው እንግዳ ተቀባይ የማን ልጅ እንደሚሆን አናውቅም።

ይህ ስሕተት የልጆቹ ስንፍና አይደለም። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ይህንኑ ችፕ ውድ አንድ ሌሊት በውሃ ውስጥ አሳድረን 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ጠርዙ 21 ደርሶ፣ እንደ ተነከረ ዳቦ በጣት ሲፈረፈር አይተናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመካከላችን ችፕ ውድን ለገላ መታጠቢያ ቤት የመረጠ ሰው የለም። የድንጋዩ ተራ ግን የመጣው ወርክሾፑ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ድንጋዩንም ያየነው በሸራ ላይ ብቻ ነው። ልዩነቱ በዚህ ያህል ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የተሰጠውን ምክንያት ይመለከታል። ማስታወቂያው «በበጀት እጥረትና በቦታ ጥበት» ይላል። ቦታውን በሚመለከት፣ ወርክሾፑ የነበረበት ክፍል ዛሬ የተሰባበሩ ወንበሮች ተከምረውበት ተቆልፎ ይገኛል፤ የአራተኛው ፍሬማችን ጭቃም በመስኮቱ በኩል አሁንም ይታያል። በጀቱን በሚመለከት ደግሞ፣ በአራት ወር ውስጥ ከተጠቀምንባቸው ነገሮች ኮሌጁ የገዛው መጋዝ፣ መላጊያ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ ብቻ ሲሆን፣ እነዚህም ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ተቆልፎባቸው ይገኛሉ። አፈሩን ከግቢው ጀርባ ቆፈርን። ጭዱን ከገበያ በአንድ ማዳበሪያ ገዝተን ተካፈልነው። የጣውላና የኮምፔልሳቶ ቁርጥራጩን በአካባቢው ያሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች በነፃ ሰጡን፤ ሱፉን ደግሞ የክፍል ጓደኞቻችን ከየቤታቸው አመጡት።

በአንጻሩ ወርክሾፑ ከቀረ በኋላ ወጪው ወደ እኛ ዞሯል። ለዚህ መንፈቀ ዓመት ምዘና እያንዳንዱ ተማሪ የፎርማይካ፣ የሴራሚክ፣ የመጋረጃ ጨርቅና የኤምዲኤፍ (እጅግ ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ናሙና የያዘ ሳጥን ከአዲስ አበባ ገዝቶ እንዲያቀርብ ታዝዟል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመጓጓዣው ጋር ሲደመር ወጪው ከመካከላችን ለብዙዎቹ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህላል። አንድ ጓደኛችን ለዚህ ሲል ተበድሯል፤ አንዲት ጓደኛችን ደግሞ ሳጥኑን ባለማቅረቧ ከሃያ ነጥብ ዜሮ ተይዞባታል። ይህችው ተማሪ የጭቃውን ጠረን ያስተማረችን ልጅ ናት። በቁስ ዕውቀት ከክፍሉ ማንም የማይቀድማት ልጅ በቁስ ምዘና ዜሮ ማግኘቷ እጅግ አሳዝኖናል፤ ይህ ነጥብ እንዲስተካከል ከሌላው ጥያቄያችን ሁሉ አስቀድመን እናመለክታለን።

የተግባር ትምህርት ውድ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሙያው ታሪክም አይደገፍም። በጀርመን ቫይማር ከተማ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1919 የተከፈተው የባውሃውስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ገቢ ተማሪ ወደየሙያው ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት የመሰናዶ ኮርስ እንዲወስድ ያደርግ ነበር። ኮርሱን የጀመረው ዮሐንስ ኢተን ተማሪዎቹ ሻካራውንና ለስላሳውን፣ ከባዱንና ቀላሉን በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲለዩና ከተገኘው ቁርጥራጭ እንዲያቀናብሩ ያስተምር ነበር። ከእርሱ በኋላ ካስተማሩት አንዱ የሆነው ዮሴፍ አልበርስ ደግሞ ተማሪዎቹ አንድ ቅጠል ወረቀት ወስደው፣ ቁራጭ ሳያባክኑ፣ በማጠፍና በመቁረጥ ብቻ ወረቀቱ ራሱን ችሎ እንዲቆም እንዲያደርጉ ይጠይቅ ነበር። ጀርመን ያን ጊዜ ከጦርነት የወጣች ድኻ አገር ነበረች፤ ትምህርቱ የጠየቀውም ወረቀትና መቀስ፣ አንድ ክፍልና አንድ መምህር ነው። ይህ ሁሉ በኮሌጃችን አለ።

ሦስተኛው ቅሬታችን በዙሪያችን ያሉ ባለሙያዎች ከትምህርታችን መገለላቸው ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንድንዘረዝር ፍቀዱልን።

ሰሜን ሸዋ የሱፍ አገር ነው። የመንዝ በግ ሱፉ ሻካራ ነው፤ እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔዎች ዝተትና ባና ይሠሩበታል፣ ጥቁሩ ሱፍ ለበርኖስ ይሆናል። ከተማችንም ብርድ ልብስ በማምረት የታወቀች ናት። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ላይ ጥቂት ያልተፈተለ ሱፍ በሙቅ ውሃና በሳሙና እያሸን ወደ ወፍራም ጨርቅነት ሲለወጥ አይተን ነበር። የሱፍ ጭረት፣ ማለትም እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ ሙቀቱና እሽታው ሲበዛ ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፣ ከዚያ ወዲያም አይለያዩም። ለአርባ ደቂቃ ያህል ካሸነው በኋላ መዳፍ የሚያክል፣ የጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ ወጣልን። መምህራችን ቁራጩን በክብሪት እንድንለኩሰው ፈቀዱልን፤ እሳቱ ሲርቅ ራሱን አጠፋ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ከጎኑ የተለኮሰው የስፖንጅ ቁራጭ ግን እየነደደና እየተንጠባጠበ በውሃ እስኪጠፋ ድረስ አልቆመም። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሶፋ በውስጡ የያዘው ይህንኑ ስፖንጅ መሆኑን ስናስብ ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

የዚህ ትምህርት ቀጣይ ክፍል በየካቲት እንዲሆን ተቀጥሮ ነበር። የአንድ ጓደኛችን እናት ሱፍና እንዝርታቸውን ይዘው መጥተው አፈታተሉን ሊያሳዩን ቃል ገብተው ነበርና፣ ወርክሾፑ መቅረቱን ሳይሰሙ ከሞላሌ በሌሊት ተነሥተው መጡ። በበሩ ላይ የፈቃድ ደብዳቤ ተጠየቁ፤ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ክፍልም አልተገኘም። ልጃቸው በክፍል ውስጥ የሱፍ ምስል በፕሮጀክተር እያየ ሳለ፣ እናቱ ሱፉን በጉያቸው ይዘው በአጥሩ ሥር እስከ ስምንት ሰዓት ተቀምጠው ተመለሱ። ጥበቃዎቹ የታዘዙትን ፈጽመዋልና አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ለእኚህ እናት እስከ ዛሬ ድረስ ከኮሌጁ በኩል ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው የለም።

በጓሳ ሣርም ላይ እንዲሁ ዕድል አምልጦናል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ምድር ለዘመናት በራሱ ሥርዓት እየዘጋና በወቅቱ እየከፈተ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያጭድ ኖሯል። አንድን ቁስ መቼና ምን ያህል መውሰድ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ዛሬ ግን ከመካከላችን አንዳንዶቹ ሙሉ ግድግዳ በዝግባ ጣውላ ለብሶ ሲነድፉ፣ ዝግባና ጥድ እንደ ወፍ ዋሻ ባለ የተፈጥሮ ደን ውስጥ የሚጠበቁ፣ መቁረጣቸውም የተከለከለ መሆኑን የሚነግራቸው የለም፤ በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ ዝግባ አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚመረጥ ቀለም ብቻ ነው። በሶፍትዌር መማርን አንቃወምም፤ እንዲያውም በሚገባ ልንማረው እንፈልጋለን። የምንለው፣ እጅ ያልነካውን ነገር ኮምፒውተር ሊያሳውቀን አይችልም ነው።

ወርክሾፑ ለአደጋ ያጋልጣል ተብሎ ስለ ደኅንነት የቀረበውንም ክርክር ሰምተናል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንዲት ተማሪ በመጋዝ ጣቷን ቆርጣ ሁለት ቦታ ተሰፍታለች፤ ይህን አንክድም። በዚያን ዕለት በክፍሉ ውስጥ ጓንትም ሆነ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሳጥን አልነበረም። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝም ለሳንባ ጎጂ መሆኑ እየታወቀ ያለ ማስክ ነበር የምንሠራው። መፍትሔው እነዚህን ማሟላት ነበር፤ የተቆረጠችው ተማሪ ራሷም ይህን ደብዳቤ ካዘጋጁት አንዷ ናት።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን። የናሙና ሳጥን ባለማቅረቧ ዜሮ የተያዘባት ተማሪ ነጥብ እንዲታረም፣ ሳጥኑንም ከአዲስ አበባ የመግዛቱ ግዴታ ቀርቶ በምትኩ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ የጋራ የናሙና መደርደሪያ በትምህርት ክፍሉ እንዲቋቋም፤ ወንበሮቹ ተነሥተው የወርክሾፑ ክፍል እንዲከፈትና በቀሩት ሳምንታት ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ደግሞ እንደ ቀድሞው ለሦስት ሰዓት እንዲሰጠን እንለምናለን። ከእኛ በኋላ የሚገቡት ተማሪዎችም ይህንኑ በአንደኛ ዓመታቸው እንዲያገኙ በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ በጽሑፍ ይስፈርልን።

ምዘናውን በሚመለከት፣ ተማሪው በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ሰብሮና ነክሮ ላቀረበው ናሙና የተወሰነ ነጥብ እንዲመደብ እንጠይቃለን። በምስል ብቻ የሚቀርብ ንድፍ ሲታረምም የክብደትና የማያያዣ ማብራሪያ አብሮ እንዲጠየቅ ይሁን፤ የአንኮበሩ መደርደሪያ ዓይነት ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ከፍተኛ ነጥብ እንዳያገኝ።

በየመንፈቀ ዓመቱ ቢያንስ ሁለት የአካባቢው ባለሙያዎች፣ ማለትም ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ አናጢ ወይም ምርጊት አዋቂ፣ በኮሌጁ የፈቃድ ደብዳቤና በኮሌጁ የመጓጓዣ ወጪ እንዲጋበዙልን፣ መንገዱ በሚፈቅድበት ጊዜም እኛ ወደ እነርሱ እንድንሄድ እንዲመቻችልን እናመለክታለን። ከግብዣው በፊት ግን ከሞላሌ መጥተው በበር ለተመለሱት እናት ከዲን ጽሕፈት ቤቱ የይቅርታና የጥሪ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው እንጠይቃለን፤ አድራሻቸውን ልጃቸው ያቀርባል።

ጓንት፣ ማስክና የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሳጥን ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ይሟሉ። ክፍሉን ለማጽዳት፣ ወንበሮቹን ለማውጣትና መሣሪያዎቹን በዝርዝር ለመረከብ ተማሪዎቹ በሙሉ ፈቃደኞች ነን፤ ቀኑ ይነገረን እንጂ በቅዳሜም ቢሆን እንመጣለን።

ለዚህ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠንና ሦስት ተወካዮቻችን ከኮሚቴው ጋር የሚወያዩበት ቀን እንዲቆረጥልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንደኛ ዓመት የኢንቴሪየር ዲዛይን ተማሪዎች ተጠሪ
ስለ ክፍሉ 34 ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት
ለወላጆች ተወካዮች